የአራዳ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክና የሕንፃው አሠራር

ጉዳዩን በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ለማስፈጸም ከአሰላ የሚነሣ የመንግሥት ሠራተኛ ኢተያንና ዴራን አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከዋናው ከተማ ይደርሳል። ጉዳዩ ከማዘጋጃ ቤት የሚያደርሰው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ወጥቶ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጥቂት እልፍ እንዳለ፣ በአደባባዩ ላይ የዳግማዊ አጤ ምኒልክን ሐውልት፣ በዚያው አጠገብም በዛፎች መካከል የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። አማኙ ተሳልሞ ያልፋል፤ የቸኮለውም ቀና ብሎ ሳያይ ያልፋል። እኛ ግን ዛሬ ጥቂት ጊዜ በደጁ ቆመን ሕንፃውን ልንመለከት አስበናል። ስለዚህ ቤት የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለምና፤ ሕንፃውም ራሱ ብዙ የሚመሰክረው ነገር አለውና።

በደጁ የቆመ እንግዳ በመጀመሪያ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ቤተ ክርስቲያን የሠሩት በዐድዋ ጦርነት የተማረኩት ጣሊያኖች ናቸው» ይባላል። ነገሩ ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአንዱ መጽሐፍም ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ወራሪው ተሸንፎ ለድል አድራጊው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሲሸከም መታየቱ ማንን አያስደስትም? ዘመኑን ግን እንቍጠር። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባው የሰላም ውል ጥቅምት 17 ቀን 1889 ተፈረመና ምርኮኞቹ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው መሸኘት ጀመሩ። ዛሬ የምናየው ሕንፃ ደግሞ በ1898 ተጀምሮ በ1903 የተፈጸመ ነው። እንግዲህ መሠረቱ ሲጣል ምርኮኞቹ ከተሸኙ ስምንት ዓመት ያህል አልፎ ነበር ማለት ነው።

ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል የሲሲልያ ተወላጅ በእርግጥ በዐድዋ ተማርኮ ነበር። ጓደኞቹ ሲመለሱ እርሱ በኢትዮጵያ ቀርቶ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ በምኒልክ ከተማ በግንባታ ሥራ ዕውቅ ሆነ። ከእርሱ ጋርም ኦርፋኒዲስ የተባለ የግሪክ ባለሙያ ይጠቀሳል። እንግዲህ አንድ የቀድሞ ምርኮኛ በጊዜ ብዛት ወደ ብዙ ምርኮኞች ተለወጠ። ልዩነቱ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይልቅ ለንጉሠ ነገሥቱ የበለጠ ክብር የሚሰጥ ነው፤ ምርኮኛን በግድ ማሠራት ማንም ድል አድራጊ የሚያደርገው ነው፤ ጠላት ሆኖ የመጣውን ሰው በፈቃዱ አስቀርቶ ዕውቀቱን ለአገር እንዲያውል ማድረግ ግን ሁሉም አይሆንለትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ለምን በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ሆነ? በዚህ ሕንፃ ፊትም በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ታቦቱም ከዘማቹ ሠራዊት ጋር ወደ ዐድዋ ወርዶ ነበር። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በየወሩ በ23 ይውላል፤ ድሉም የሆነው በዚሁ ቀን ነው። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ የድሉን መታሰቢያ በዚህ ቅዱስ ስም በድንጋይ ሊያሠሩ መወሰናቸው ለዘመኑ ሰው የሚያስደንቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ሕንፃው እንመለስ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለና የቤተ ክርስቲያኑን ውስጣዊ አከፋፈል በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። በአርሲ ደጋ ላይም ሆነ በሌላው የአገራችን ደጋ ክብ ሆኖ የተሠራ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያላየ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ቤት እንደ ሦስት ቀለበት አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ነው። የውጭው ቀለበት ቅኔ ማኅሌት ይባላል፤ ደብተራዎች መቋሚያና ጽናጽል ይዘው በከበሮ የሚያዜሙበት ነው። ሁለተኛው ቅድስት ነው፤ ቆራቢዎች ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበት። በመካከል ያለው መቅደስ ሲሆን ታቦቱ የሚያድርበትና ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት ነው። እንግዲህ በሌላው ዓለም ሕንፃ ሰው የሚሰበሰብበት የመካከሉ ቦታ በእኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተዘጋና የተከደነ ነው። ሕዝቡ የሚቆመው በዙሪያው ነው፤ የሚበዛውም ሕዝብ ከበሩ ውጭ፣ በቅጽሩ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ያስቀድሳል።

የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ይህንኑ ሥርዐት የጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ክብ አይደለም፤ ስምንት ገጽ አለው። ይህ አሠራር የተጀመረው ከእርሱ አይደለም። በእንጦጦ ጋራ ላይ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያንም በስምንት ገጽ የተሠራች ናት። ምክንያቱን መፈለግ አስቸጋሪ አይመስለኝም። ጭቃና እንጨት ለክብ ይታዘዛሉ፤ የተጠረበ ድንጋይ ግን ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል። የሣር ክዳን በሞጎጎ ቅርጽ ላይ እንደ ልብ ይተኛል፤ ቆርቆሮ ግን ጠፍጣፋ ገጽ ይፈልጋል። ግንበኛው የክቡን ሥርዐት ሳያፈርስ ድንጋይና ቆርቆሮ ሊጠቀም ሲፈልግ ስምንቱ ገጽ መካከለኛ መንገድ ሆነለት፤ ከሩቅ ሲያዩት ክብ ይመስላል፤ ሲጠጉት ቀጥ ያለ ግንብ ነው። ካስታኛም የአውሮፓን ዓምድና ጌጥ በውጭው ገጽ ላይ ቢያሳርፍም ውስጡን አልነካም። ይህ በዚያ ዘመን የገቡት የውጭ ባለሙያዎች ከሠሯቸው ብዙ ሕንፃዎች የሚለየው ነገር ነው፤ ልብሱ የውጭ አገር ቢሆን አካሉ የደብሩ ነው።

የዚህ አሠራር ውጤት በጉልህ የታየው በዘውድ በዓላት ጊዜ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 በእንጦጦ ማርያም ነበር። ከተማው ከጋራው ወደ ፍል ውሃ ከወረደ በኋላ ግን የመንግሥቱ በዓል ሁሉ አብሮ ወረደ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ የካቲት 4 ቀን 1909ም በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ። ቀድሞ ነገሥታቱ አክሱምን ይመኙ ነበር፤ ጥቂቶቹም እስከዚያ ደርሰው ነግሠዋል። አሁን ግን ዘውድ የሚጫንበት ስፍራ ከገበያው አጠገብ የቆመ የከተማ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን ጥቅምት 23 ቀን 1923 የተደረገው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነው። ቀኑ በ23 መዋሉን ልብ ይሏል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከጣሊያን የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሣይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ሌሎችም የመንግሥታት መልክተኞች መጥተዋል። እነዚህ እንግዶች በአገራቸው የለመዱት ረጅም ሆኖ የተዘረጋ ካቴድራል ነው፤ በአንዱ ጫፍ ገብተው እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ሁሉ ተቀምጠው ያያሉ። በለንደን የዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ነው። በአራዳ ግን ለማየት የሚመቸው መካከለኛው ስፍራ መቅደስ ነው፤ እንግዳ ሊገባበት፣ ወንበርም ሊደረደርበት አይቻልም። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዋዜማው ሌሊት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በጸሎት አደሩ፤ በማግሥቱ ግን ሥርዐተ ንግሡ የተፈጸመው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተያይዞ በድንኳን መልክ በተሠራ ሰፊ ጊዜያዊ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ አቡነ ቄርሎስ ዘውዱን የጫኑትም በዚያ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች በድንኳኑ ተገርመው ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም ቀልደዋል። የተገረሙት ግን የቤቱን አሠራር ስላላወቁ ነው። ይህ ቤት ሰውን በዙሪያው ለመሰብሰብ የታነጸ እንጂ በመካከሉ ለትርዒት ለማስቀመጥ የታነጸ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩትና ከነጻነት በኋላ የተፈጸመው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንደ አውሮፓው ረጅም ሆኖ መሠራቱም ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

የከተማው ኑሮም በዚሁ ሥርዐት ሄዷል። ትልቁ የአራዳ ገበያ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ፣ እስካዛወሩት ድረስ እህልና ጨው፣ ከብትና ቡና የሚሸጠው፣ ዐዋጅም የሚነገረው በዚያ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልትም በ1923 በዘውዱ በዓል ዋዜማ በዚያው ተመረቀ። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅም ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጣሊያን ጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ይህ ሐውልት በ2005 ለከተማው ባቡር መንገድ ሥራ ሲባል ከስፍራው ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል።

እዚህ ላይ ከአሰላ የመጣው መንገደኛ በሐውልቱ ፊት ቆም ብሎ ሌላ ነገር ቢያስብ አይፈረድበትም። ሲመጣ ያለፈው ሔጦሳን ነው፤ በሔጦሳ ወረዳ በአኖሌ በ2006 የተመረቀው መታሰቢያ የተቆረጠ ጡት በእጅ ተይዞ ያሳያል፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የዘመቻ ግፍ ለማሰብ የቆመ ነው። የምኒልክ ጦር አርሲን ለመያዝ ለዓመታት ተዋግቷል፤ የአርሲ ኦሮሞ በጦርና በፈረስ ጠመንጃን ተቋቁሞ ቈይቶ በ1878 ማለቂያ በአዙሌ ጦርነት ተሸነፈ። የዘመቻው አዛዥና በኋላም የአገሩ ገዢ የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ከተማውንና ሸዋን እንዲጠብቁ ከኋላ የቀሩትም እኒሁ ራስ ዳርጌ ናቸው። እንግዲህ በአሰላ መንገድ ላይ ያለው መታሰቢያና በአራዳ ያለው ቤተ ክርስቲያን የአንድ ዘመንና የአንድ መንግሥት ሥራ የሚያስታውሱ ናቸው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መሸፈን ለታሪክ አይበጅም፤ በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚሠራ ሰው አንዱን ገጽ ቀዶ ሌላውን አያስቀርም። ዐድዋ የአፍሪካን ሕዝብ ሁሉ ያኮራ ድል ነው፤ አዙሌም ለአርሲ ሕዝብ የሐዘን ቀን ነው፤ ሁለቱም ተደርገዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ክፉው ቀን እንምጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ማርሻል ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት በስድስት ኪሎ፣ የናፖሊ ልዑል መወለድን ምክንያት አድርጎ ለድኆች ምጽዋት ሲያሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾችን ቍጥር 30,000 ብሎ አሳውቋል፤ በቅርብ ጊዜ ነገሩን በሰፊው ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምታል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለው በዚህ መካከል ነው።

እሳቱ ከሰፈር ቤት ተዛምቶ የያዘው አደጋ አልነበረም። ለዚህ ምስክሩ ከራሳቸው ወገን ነው። ቺሮ ፖጃሊ የተባለ የጣሊያን ጋዜጣ ወኪል በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበር፤ በጋዜጣው ሊያወጣው ያልተፈቀደለትን በግል ማስታወሻው ጻፈ፤ ማስታወሻው የታተመው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በእርሱ ቃል መሠረት ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለው በከተማው የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ በጊዶ ኮርቴዜ ትእዛዝና እርሱ ራሱ ባለበት ነው። ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች የሚያቃጥሉት ምን እንደ ሆነ በሚገባ ያውቁ ነበር። የምኒልክን ሐውልት አስቀድመው በ1928 ከአደባባዩ አንሥተውታል። የዐድዋ መታሰቢያ የሆነው ቤት ደግሞ ሊነሣ የሚችል አልነበረምና እሳት ለቀቁበት። እዚህ ላይ የሕንፃው አሠራር ዳግመኛ ምስክር ሆነ፤ በውስጡ ያለው እንጨትና ጣራው፣ መጋረጃውና ሥዕሉ ነደደ፤ የስምንቱ ገጽ የድንጋይ ግንብ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ። በአንድ የጣሊያን ተወላጅ እጅ የተነደፈውን ቤት ሌሎች ጣሊያኖች አቃጠሉት፤ ይህን ያሰበ ሰው ክፋትም ሆነ ጥበብ የአንድ ሕዝብ ሁሉ ጠባይ እንዳልሆነ ያያል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ወደ ከተማው ከተመለሱ በኋላ ሐውልቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። ስለዚህ ዛሬ የሚገባ ሰው የሚያየው ሁለት ዘመን ነው። ግንቡ የ1903 ነው፤ የውስጡ ጌጥ በአብዛኛው ከነጻነት በኋላ የመጣ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ዘመን ሥራ ዋናው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነው። በአንኮበር ተወልዶ በለንደን የሥዕል ትምህርት የተማረው አፈወርቅ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ባለው ታላቅ የመስታወት ሥዕሉ በዓለም የታወቀው፣ ለዚህም ቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የመስታወት መስኮት፣ በጠጠርም የተለበጠ ሥዕል ሠርቷል። በጥንቱ ልማድ ሠዓሊው የቅዱሳንን መልክ ፊት ለፊት በትልቅ ዓይን ያወጣ ነበር፤ አፈወርቅ ግን ያንን ልማድ ከዘመናዊው ትምህርቱ ጋር አስታርቆ፣ የንጉሠ ነገሥቱን የዘውድ በዓልም ጨምሮ በግድግዳው ላይ አኖረ። እንግዲህ በ1923 በውስጡ ሊፈጸም ያልተመቸው የዘውድ ሥርዐት በኋላ በሥዕል ወደ ውስጥ ገባ። ሥዕሉን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የራቀ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከተቃጠለ ግድግዳ ላይ አዲስ ቀለም መጀመር ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ እንደ ሆነ አስባለሁ።

በቅጽሩ ውስጥ ሙዚየም አለ፤ የነገሥታቱ የዘውድ በዓል አልባሳትና ሌሎችም ዕቃዎች ይታዩበታል። ከቅጽሩ ውጭ ደግሞ በአደባባዩና በማዘጋጃ ቤቱ መካከል ሰፊው የዐድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ተመርቋል፤ በውስጡ አዳራሽና ሙዚየም ያለው ነው። ለዐድዋ በአዲስ አበባ ተሠርቶ የነበረው የድንጋይ መታሰቢያ ከመቶ ዓመት በላይ ዋናው ይህ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አሁን አጠገቡ ጎረቤት መጣለት። አንዱ ሕዝብን በውስጡ ይሰበስባል፤ ሌላው እንደ ጥንቱ በዙሪያው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመግባት የሚፈልግ ጎብኚ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ቢሄድ ይመረጣል። እንደ አገሩ ልማድ ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ፤ ጫማ ይወልቃል። መጋረጃው ወደተዘጋው መካከል ለመቅረብ ከመድከም ይልቅ ቅኔ ማኅሌቱን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ መዞር ነው፤ የመስኮቱ ቀለምና የግድግዳው ሥዕል በየገጹ ይለዋወጣልና። ስምንቱን ገጽ የጨረሰ ሰው ጫማውን ካስቀመጠበት በር ላይ ራሱን ያገኘዋል።